እጥፋቱ ላይ አትተንፍሺ

ይህን ነገር ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ቤት፣ እኔው ዓይን ሥር ነው የሆነው...

ለማመንም አትቸኩሉ፣ ለመሳቅም አትቸኩሉ። እኔም የሰው ታሪክ አንብቤ «ኧረ ወዲያ» ብዬ ስልኬን የምወረውር ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል፣ ሆዴም አልፈጀው አለኝ።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ተዘርግታለች፣ በራችን ላይ የሰፈር ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይጨቃጨቃሉ።

ክፍሉ ውስጥ እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነን።

ማለቴ... ሁለት ብቻ ነን ብዬ ነበር የማስበው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ ወረቀት እጠግናለሁ። ወፍራም መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ድርሻ ቀጫጭኖቹ ናቸው፣ ፓምፍሌት የሚሏቸው። ስለ ንብ ማርባት፣ ስለ ጥርስ ንጽሕና፣ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ቴአትር... አንዴ ተነብበው እንዲጣሉ የታተሙ፣ ሳይጣሉ የቀሩ ምስኪኖች።

መሃላቸው የዛገውን ሽቦ ነቅዬ በክር እሰፋቸዋለሁ። የተቀደደውን በስስ ወረቀትና ከስንዴ በሚሠራ ሙጫ እለጥፋለሁ። የታጠፈውን እዘረጋለሁ፣ መስታወት እደርብበታለሁ፣ መስታወቱ ላይ ክብደት አስቀምጬ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እህቴ ይህን ለሰው ስታስረዳ «የወረቀት ሐኪም ናት፤ በሽተኞቿ ስለማያወሩ ነው ከእነሱ ጋር የተስማማችው» ትላለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሙጫ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንጃ። አንድ ነገር ከያዙ ስለማይለቁ ነው ስሙ የወጣላቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል።

እኛ ሙያ ውስጥ አንድ የሁላችንም መጥፎ ልማድ አለ።

የገጽ ጥግ ታጥፎ ዓመታት ከቆየ ይደርቃል። በግድ ስትከፍተው ይሰበራል። ደንቡ እርጥብ መምጠጫ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጦ እስኪለሰልስ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ግን ማን ይጠብቃል? ከንፈርን አስጠግቶ በሞቀ ትንፋሽ «ሃ...» ማለት ነው። ወረቀቱ ይለሰልስና እሺ ይላል።

ጋሼ ሙጫ ይህን ስናደርግ እያዩ እንዳላዩ ያልፉን ነበር።

አንድ ሳጥን ሲሆን ግን አይሆንም። ግራጫው ሳጥን።

«የሌላው ላይ እንደ ፍላጎትሽ» አሉኝ አንድ ቀን፣ እጄን ይዘው። «እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን... እጥፋቱ ላይ አትተንፍሺ።»

«ለምን ጋሼ?»

«አትተንፍሺ።»

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለማ። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «እታለም» ነው የምትለኝ። ተቆጥታም እታለም፣ ተኮራርፈንም እታለም።

ልጅ ሆና መስኮት ላይ እየተነፈሰች ጉሙ ላይ በጣቷ ትሥል ነበር። ሁልጊዜ ያው አንድ ሥዕል ነው። ክብ ፊት፣ አንድ ጆሮ።

«ሌላው ጆሮውስ?» እላታለሁ።

«እሱማ ወዲያ በኩል ነው። ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ እያዳመጠበት ነው።»

ይህን ብላ ትስቃለች። ሳቋ መሃል ላይ ትንሽ ስቅ ይላታል፣ ከዚያ እንደገና ትስቃለች።

ሳንባዋ ነው የታመመው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከለከላት፣ ቀጥሎ መዝፈን፣ ቀጥሎ ማውራት። ሬዲዮ አንድ ቃል ተናግራ ለሁለተኛው የምታርፍ ሰው ሆነች። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ወደ ጥግ ወሰደኝና ቤት ውሰጃት፣ ከቤተሰቧ ጋር ትሁን አለኝ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም።

ኦክስጅኑንና ጭንብሉን ይዘን ቤት ገባን።

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የማላውቀውን ሐኪም ደወልኩለት፣ የማላምንበትን መድኃኒት ሞከርኩ፣ ለማልወደው ሰው ተንበረከክኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ። ስተኛ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ነው፤ ጭንብሉ ላይ ጉም ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ጉም ካለ እህቴ አለች ማለት ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እያየሁ ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግ ሴት ናት። ስብስቡ ፎቶ ሊነሳ ስለሆነ የቀረውን ሥራ ቤትሽ ሆነሽ ጨርሺው፣ እህትሽን ጥለሽ አትምጪ አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

የቀረው ሥራ ግራጫው ሳጥን ነበር።

ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ፓምፍሌት ነው። በሽተኛን ቤት ውስጥ ስለ መንከባከብ የሚናገር፣ ሽፋኑ ላይ የተነጠፈ ባዶ አልጋ የተሣለበት። ከተለያየ ቤት የተሰበሰበ መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዱ ዘይት ነክቶታል፣ አንዱን ልጅ በእርሳስ ሞነጫጭሮታል።

ሁሉም ግን አንድ ገጽ ላይ ታጥፈዋል።

ትንፋሹ ስላጠረ በሽተኛ የሚናገረው ገጽ ላይ...

አንጀቴን በላው። ስንቱ ሰው እንደኔ አልጋ ዳር ተቀምጦ ይህችን ገጽ አጥፏል አልኩ። ሁሉንም በመምጠጫ ወረቀት፣ በትዕግሥት ዘረጋኋቸው። የጋሼ ሙጫን ቃል አክብሬ ሳይሆን፣ ለእነዚያ ሰዎች አዝኜ ነው።

አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ።

ያ የነገርኳችሁ ስምንት ሰዓት ይኸው ነው። ጠረጴዛዬን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቼ ከእጥፋቱ ጋር እየታገልኩ ነው።

«እታለም...»

«ወዬ።»

«ስጪኝ... ልርዳሽ።»

«አርፈሽ ተኚ።»

«መተኛት... ሰለቸኝ።»

ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ቀጥነው ቀጥነው... ምን ብዬ ልከልክላት? ከእኔ አንድ ነገር ከጠየቀች ስንት ጊዜዋ ነው? ፓምፍሌቱን ያዝኩላት። እኔ ስሠራ ስታይ ያደገች ልጅ ናት፣ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች።

ከንፈሯን አስጠጋች።

የጋሼ ሙጫ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። አፌን ከፈትኩ...

«ሃ...» አለች።

እጥፋቱ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ፣ ተከፈተ።

እህቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። መሃል ላይ ስቅ አላት፣ እንደገና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ ግንባሯን ሳምኳት፣ ወረቀቱንም ጋሼ ሙጫንም ረሳሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለውን ሰምቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

እሷ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የእጥፋቱን መስመር በጀርባው በኩል በስስ ወረቀት ለጠፍኩት፣ አለሳለስኩት፣ መስታወት ደረብኩበት። መስታወቱ ላይ ደግሞ እናታችን ትታው የሄደችውን አሮጌ የብረት ካውያ ጫንኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መስመሩ የነበረበትን ቦታ እኔም ራሴ መለየት አልቻልኩም።

ሻይ አፍልቼ ስመለስ መስታወቱ ጉም ይዞታል።

ሙጫው አልደረቀም ብዬ በጨርቅ ጠረግኩት።

አልጠፋም።

እንደገና ጠረግኩት። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ጉሙ ከሥር ነው። ከወረቀቱ በኩል...

እያየሁት ጠፋ። ቆየና መጣ። ጠፋ። መጣ።

ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፣ ዞር ብዬ እህቴን አየኋት። ደረቷ ሲነሳ ጉሙ ይጠፋል። ደረቷ ሲወርድ ጉሙ ይመጣል።

ክው አልኩ።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት። እርጥበት ነው አልኩ። ወረቀት ይተነፍሳል ሲሉ ሰምተናል፣ የሙያችን አባባል ነው አልኩ። ሰው ሲፈራ ለራሱ የማያመጣው ምክንያት የለም።

ጠዋት ስነቃ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ጭንብሉን አየሁ።

ጥርት ያለ ነው።

ጠበቅኩ። አሁንም ጥርት ያለ ነው። ዘልዬ ተነሳሁ፣ ደረቷ ላይ ተደፋሁ። ልቧ ይመታል። ደረቷ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጭንብሉ ላይ ግን ምንም የለም።

ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ በነጠላ ጫማ ነው እየሮጠች የመጣችው። ጭንብሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ሌላ ቀየረችላት። ያው ነው። ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ የእህቴ አፍ ላይ ያዘች፣ ረጅም ጊዜ ያዘች። ከዚያ መስታወቱን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችና ወደ እኔ ሳታይ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም አለችኝ።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች።

«እታለም... ከበደኝ።»

«ምኑ ነው የከበደሽ?»

«ደረቴ ላይ... ብረት ነገር።»

ደረቷ ላይ አንሶላ ብቻ ነው ያለው።

ቀስ ብዬ ዞርኩ... ጠረጴዛው ላይ ፎጣው፣ ከፎጣው ሥር ካውያው። በሁለት እጄ አነሳሁት።

«እፎይ...» አለች ከኋላዬ። «አዎ... እሱን።»

እውነት መሆን የለበትም ብዬ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ካውያውን መልሼ ትንሽ አስነካሁት። መስታወቱን ነካ ብቻ ነው ያደረገው። እህቴ አልጋው ላይ ትን ብሏት ተወራጨች። ነርሷ ምን ሆነች ብላ ጮኸች። እኔ ካውያውን አቅፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሌሊቱን ሙሉ እህቴን የተጫንኳት እኔ ነበርኩ።

ነርሷን አደራ ብዬ ወደ ጋሼ ሙጫ ቤት በረርኩ። ታክሲ ልጠብቅ፣ በእግሬ ልሩጥ አላውቅም፣ እንዴት እንደደረስኩ ዛሬም አላስታውስም። በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ሰላምታም አልሰጡኝ።

«ማን ተነፈሰበት?» አሉኝ።

ፊቴ ነገራቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ወጡ። ስንት ዓመት ታመዋል ሲባል የምሰማቸው ሴት ናቸው፤ ሳያቸው ግን ደህና ናቸው። ጥሩ ፈገግታ አላቸው። ውሃ አቀረቡልኝና ወደ ባላቸው ዞረው «ወንድሜ፣ እንግዳህ ደክሟታል፤ አስቀምጣት እንጂ» አሉ።

ወንድሜ...

ሲጎነበሱ ሻሻቸው ትንሽ ሸሸ። ግንባራቸው ላይ ከፀጉራቸው እስከ ቅንድባቸው የሚወርድ መስመር አለ። ጠባሳ አይደለም። በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል።

ጓዳ ሲመለሱ ጋሼ ሙጫ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔዋም ታማ ነበር። እኔም እንዳንቺ ሥራ ቤት ወሰድኩ።»

«ግን ተመልሰዋል። ይኸው ቆመዋል።»

«ትንፋሽ ተመልሷል» አሉ። ወደ ጓዳው አዩ። «የማን እንደሆነ ግን... እኔንጃ። እስከ ዛሬ ስሜን ትጠይቀኛለች።»

ምን ላድርግ አልኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ አላፈርኩም።

መፍትሔው አንድ ነው አሉኝ። ገጹን መልሶ ማጠፍ። እሷ በተነፈሰችበት በዚያው መስመር፣ ሳይዛነፍ። ከዚያ ደረቷ ላይ ማድረግ። ያ ወረቀት በስንት ሰው እጅ አልፏል፣ ሌላም አሮጌ እጥፋት ሊኖረው ይችላል፣ የሌላ ሰው የሆነ። በእሱ መስመር ካጠፍሽው እኔ ያገኘሁትን ታገኛለሽ አሉኝ።

«ብሳሳት መልሼ...»

«አንዴ ነው። ሁለተኛ ካጠፍሽው ይሰበራል። እሱ ሲሰበር...» አልጨረሱትም።

«ጋሼ፣ አሳምሬ ዘርግቼዋለሁ። ጀርባውን ለጥፌዋለሁ። መስመሩ አይታይም።»

ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ምን ላድርግ» አሉ፣ «እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ቤት ስደርስ ነርሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፊቷን አይቼ ገባኝ። ሐኪም ጥሪልኝ ብዬ ላክኋት፤ ሐኪም ፈልጌ አይደለም፣ ማንም እንዲያየኝ ስላልፈለግኩ ነው።

እህቴ ነጭ ሆናለች። ደረቷ መነሳቱን ለማየት አጠገቧ መቆም ያስፈልግ ነበር።

ፓምፍሌቱን ከመስታወቱ ሥር አወጣሁት። ሙቅ ነው። የሰው እጅ የያዝኩ ያህል ሙቅ...

አንድ ብልሃት አለን። ዓይን የማያየውን እጥፋት ለማግኘት ወረቀቱን ብርሃን አጠገብ አጋድሞ በጎን ማየት ነው። ብርሃኑ በአግድም ሲመታው ትንሿም ጉብታ ጥላ ትጥላለች። ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይ እንደ ትናንቱ በመስኮቱ ገብታለች። ወረቀቱን አጋደምኩ።

መስመሩ ታየኝ።

ተመስገን ልል ስል... ሌላው ታየኝ።

ሁለት መስመር ነው። ጎን ለጎን። መሃላቸው ፀጉር ቢገባ ነው።

አንደኛው ጠለቅ ያለ ነው፣ አንደኛው ስስ። ትናንት የትኛው ነበር የታጠፈው? ስንት ጊዜ ዓይኔ ሥር ነበር፣ ለምን አላየሁትም? ጥልቁ አዲስ ስለሆነ ነው ጥልቅ? ወይስ ብዙ ጊዜ ስለታጠፈ? ሙያዬ ይህን አላስተማረኝም።

«የኔ እናት፣ የትኛው ነው?» አልኳት። ማንን ልጠይቅ?

ዓይኗን አልገለጠችም። ጣቷ ግን አንሶላው ላይ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ከጎኑ አንድ ነገር ነካ አደረገና ቆመ። የሞት መንቀጥቀጥ ነው ብዬ ጮህኩ።

ደረቷ አልተነሳም።

ጠበቅኩ...

አልተነሳም።

ጥልቁን መረጥኩ። ጥፍሬን አስደግፌ አጠፍኩት።

«ቀጭ» አለ ወረቀቱ።

ደረቷ ላይ አደረግኩት። ውጭ አንድ ልጅ ጎል ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹ አልገባም ብለው ተከራከሩት። ዓለም እንደዚያ ናት። እኔ አልጋው ሥር ተንበርክኬ አንሶላውን ነክሼዋለሁ።

ከዚያ እህቴ ተነፈሰች። ረጅም፣ ጥልቅ፣ ከመታመሟ በፊት እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ረጅም።

ጭንብሉ ጉም ያዘ።

እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ሐኪሙ መጥቶ አዳመጣት፣ ደጋግሞ አዳመጣት፣ የኦክስጅኑን ማሽን አንኳኳ። ሰፈሩ እንኳን ደስ አለሽ ሊለኝ ጎረፈ። ሳምንት ሳይሞላ ጭንብሉን አውልቃ በእግሯ ቆመች። ጎረቤቶቹ፣ በቃ ሬዲዮ ተከፈተች፣ ጆሯችንን ልንደፍን ነው እያሉ ቀለዱ።

ሬዲዮ ግን አልተከፈተችም።

በመጀመሪያው ማታ ውሃ ፈልጋ ጠራችኝ።

«እትዬ...»

ቆምኩ። ከበሽታው ነው አልኩ። እትዬም ያው አክብሮት ነው፣ ምን አለበት አልኩ። በማግስቱም እትዬ። በሳምንቱም እትዬ።

ስትስቅ ስቅ አይላትም።

ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ፣ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። የትራስ ምልክት ነው አልኩ። ቅባት ቀባሁት። አልለቀቀም።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። መስኮቱ ላይ ተነፈስኩና እጇን ይዤ ወሰድኳት።

«በይ ሣዪልኝ።»

ጉሙን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ በትሕትና፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።

«ምን ልሣል እትዬ?» አለችኝ።

ያን ዕለት ማታ ከጀርባዬ መጥታ ትከሻዬን ነካች። ጉንጯን ወደ አፌ አስጠጋች።

«ደርቆብኛል» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ ጋ... እጥፋቱ ላይ... እስኪ ተንፍሽልኝ።»

ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ፓምፍሌቱን እንደታጠፈ ለቤተ መጻሕፍቱ መልሼ ነበር። ኃላፊዋ ይህን ለምን አልዘረጋሽውም ብትለኝ ማንም እንዳይነካው ብዬ ለመንኳት። አዝናልኝ ነው መሰለኝ እንደታጠፈ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሥራ አልገባሁም። ቤት ሆኜ እሷን አያለሁ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደህና ናት። አንዳንዴ አቅፌያት አለቅሳለሁ፣ እሷም ጀርባዬን እየዳበሰች አይዞሽ ትለኛለች። ጨካኝ አይደለችም። ማን እንደሆነች ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ይህን የምጽፍላችሁ ግን በዚያ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ደወለችልኝ። የግራጫውን ሳጥን ፎቶ እያነሱ ነው፤ አንድ የሚያስቸግር አለና እስኪ መጥተሽ እይው አለችኝ። እርጥበት ሳይኖረው አይቀርም፣ መስታወቱን ብንጠርገው ብንጠርገው አልጠራ አለን አለችኝ።

ወዲያው ሄድኩ።

ፎቶ አንሺው መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ፓምፍሌቱ፣ ጥጉ እንደታጠፈ፣ ከላዩ መስታወት። ከታጠፈው ጎን ያን ሁለተኛውን፣ ስሱን መስመር ብርሃኑ አጉልቶታል።

«በየት በኩል ነው ጉሙ?» አልኩት።

«እሱ ነው የገረመኝ» አለ። «በውስጥ በኩል ነው።»

ጎንበስ አልኩ።

ጉሙ ጠፋ። ቆየ። መጣ። ደግሞ መሃል ላይ ትንሽ ስቅ እንዳለው ሰው ቆረጥ አለ፣ እንደገና መጣ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል። ከቤት ነው።

አላነሳሁትም። መስታወቱ ላይ ፊቴን አስጠግቼ አየሁ... ከሥር፣ ከወረቀቱ በኩል፣ ጉሙ ላይ አንድ ሰው በጣቱ ቀስ እያለ ይሥላል።

ክብ ፊት።

ከጎኑ፣ አንድ ጆሮ።